የደምሴ ቢላ

ባለፈው ወር ላፍቶ አንድ ጋራዥ በር ላይ መኪናዬ እስኪሠራ ቆሜ ሳለሁ፣ መካኒኩ በእሳት ያጋለውን ብረት የተቃጠለ ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ ነከረው። ጢሱ ቡፍ ብሎ ወጣና አካባቢውን ሞላው። አጠገቤ የነበሩት ደንበኞች አፍንጫቸውን ይዘው ዞር አሉ፤ እኔ ወደ ጣሳው ተጠጋሁ። መካኒኩ፣ «እትዬ፣ ልብስዎን እንዳያበላሽብዎት ፈቀቅ ይበሉ» አለኝ። አልሰማሁትም። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ መካኒሳ አቦ ጓሯችን ውስጥ፣ ከጥር እስከ ሰኔ ያንኑ ሽታ ስተነፍስ ከርሜያለሁ።

ዘመኑ የደርግ፣ ዓመቱም ድርቁ የበረታበት ነበር። እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ። አባቴ ኃይሉ በአንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ይሠራል። ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ ይወጣል፤ ማታ እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቦ ራት ይቀርባል። እናቴ ወይንሸት ቤት ሆና ሹራብ እየሠራች ትሸጣለች። ወንድምም እህትም የለኝም። ስለዚህ የምጠይቀውን ሁሉ የምጠይቀው እነሱን ነበር፤ የምጠይቀው ደግሞ ማለቂያ አልነበረውም። እናቴ፣ «ይቺን ልጅ አንድ ቀን ጥያቄዋ ጉድ ያፈላባታል» ትል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ጆንያ ተሸክመው ቆመዋል። ጆንያው ውስጥ ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማል።

«የኃይሉ ቤት ነው?» አሉኝ።

አባቴ ከኋላዬ መጣ። ሲያያቸው ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። አባቴ የማንንም ጉልበት ሲስም አይቼ አላውቅም። ቀና እንዳለ ግን መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኝቶ፣ በክንዳቸው ይዞ አስገባቸውና በሩን ዘጋ።

«ማን ናቸው?» አልኩት ለብቻው ሳገኘው።

«ከአገር ቤት የመጡ እንግዳ ናቸው።»

«ዘመዳችን ናቸው?»

«የአገር ሰው ናቸው። አባባ እያልሽ ጥሪያቸው።»

«ስማቸውስ ማን ነው?»

«አባባ ካልሽ ይበቃል፣ ሰናይት።»

አባባ ሦስት ቀን ሙሉ ግድግዳ ተደግፈው፣ መዳፋቸውን እያገላበጡ ሲያዩ ዋሉ። መዳፋቸው እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቆ፣ ስንጥቁ ሁሉ ጥቁር ነው። ሳይታጠቡ የቀሩ መስሎኝ ሳሙናና ውሃ አቀረብኩላቸው። ሳይቆጡ፣ ፈትገው ፈትገው ታጠቡ። ጥቁሩ ንቅንቅ አላለም።

«እድፍ አይደለም ልጄ» አሉኝ እጃቸውን እያሳዩኝ፤ «ቆዳው ራሱ ነው።»

በአራተኛው ቀን እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋ አልቆርጥ አላት። ወደ አባባ ዘወር ብላ፣ «እስቲ ይቺን ይሳሉልኝ» ብላ ሰጠቻቸው። አባባ ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ውሃ እያፈሰሱ ጥቂት ሳሏት። ከዚያ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ በስሱ አሳርፈው ሞከሩት። መለሱላት። ሽንኩርቱ ያለ ድምፅ ተከተፈ። እናቴ ቢላዋን እያገላበጠች ብዙ ጊዜ አየቻት።

«አባባ፣ እንዲህ ያለ እጅ ይዘው ግድግዳ ተደግፈው ይውላሉ?» አለቻቸው።

የቢላ መሥሪያው ነገር የተጀመረው እንዲህ ነው። አባቴ ማታ ሲሰማ፣ «ጎረቤት ምን ይላል? መዶሻ ሲጮህ?» አለ። እናቴ፣ «ሥራ ነው ይላል፤ ሌላ ምን ይላል ታዲያ?» አለችው። ሁለቱ ተያዩ። ሰዎች ተያይተው ዝም ሲሉ አንድ የሚደብቁኝ ነገር እንዳለ አውቅ ነበር፤ ይህን ግን ምን እንደሆነ መገመት አቃተኝ።

የጆንያው ነገር ተገለጠ። ውስጡ የመዶሻ ራስ፣ ረጅም ጉጠትና ሁለት የፍየል ቆዳ አቁማዳ ነበር። ሌላው ሁሉ መፈለግ ነበረበት። ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ በአጥሩና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ አባባ አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ ተከሉ፤ ከላይ አሮጌ ቆርቆሮ ጣሉበት። ፀሐይ በሚገባበት በኩል ጆንያ ሲጋርዱ ገረመኝ።

«ጨለማ ይሆንብዎታል እኮ!»

«ብረት ቀለሙን የሚናገረው በጨለማ ነው» አሉኝ። «ፀሐይ ላይ ይዋሻል።»

ምድጃውን ከወንዝ ዳር ባመጡት ጭቃ ሠሩት። አቁማዳዎቹ ወናፍ ሆኑ፤ አንዱን ስጫን ሌላውን አነሣለሁ፤ ነፋሱ በጭቃ ቱቦ አልፎ ከሰሉ ሥር ይገባል። መጀመሪያ ቀን ክንዴ እስኪዝል ነፋሁ። «ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው፣ በዝግታ» አሉኝ፤ ያኔ ገባኝ። ብረቱን የሚመቱበት ግን ጠፋ። አገር ቤት የሚጠቀሙበት ድንጋይ ነበር አሉ። ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ፣ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ይዘው እስኪመጡ ሁለት ሳምንት አለፈ። ሐዲዱን ግንድ ላይ ቸነከሩትና አንድ ጊዜ በመዶሻ መቱት። ድምፁ ጠርቶ፣ ረጅም ሆኖ ወጣ። አባባ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው እስኪያልቅ አዳመጡት፤ ከዚያ፣ «ይናገራል» አሉ።

ለቢላው የተገኘው ብረት የአሮጌ ጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ክብደት የሚሸከመው ጠፍጣፋ ስፕሪንግ፣ ነበር። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ማረሻና ማጭድ፣ መጥረቢያም ነው። ባሌስትራ ግን ሠርተውበት አያውቁም። ቁራጩን በጉጠት ይዘው እያገላበጡ፣ እንደ አዲስ ተማሪ ሲያጠኑት አስታውሳለሁ። ያጋሉታል፣ በመሮ ይቆርጡታል፣ ይቀጠቅጡታል፤ ቅርጹ ቢላ ሲሆን እንደገና አግለው ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። የመጀመሪያው ቢላ ውሃው ውስጥ ሳለ «ጭ!» አለ። እንደ ጥርስ ድምፅ ነው። ሲያወጡት ከስለቱ እስከ ጀርባው ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ሄዶበታል።

ሁለተኛው ጭ አለ። ሦስተኛውም ጭ አለ።

«ብረቱ መጥፎ ነው?» አልኳቸው።

«ብረቱ ጥሩ ነው። መጥፎው እኔ ነኝ፤ ጠባዩን ገና አላወቅሁትም።» ስንጥቁን በጥፍራቸው እየተከተሉ ቆዩና፣ «ውሃው ቸኩሎበታል። ቀስ ብሎ የሚያቀዘቅዝ ነገር ይፈልጋል» አሉ።

በማግሥቱ ከገበያ ስትመለስ እናቴ የኑግ ዘይት ጠርሙሷን ባዶ አገኘችው። ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ዘይት ደግሞ በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈው የሚያገኙት ነገር ነው። ጩኸቷ እስከ መንገድ ተሰማ።

«የጾም ዘይቴን! ለብረት!»

አባባ እንደ ጥፋተኛ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው፣ በእጃቸው ግን አራተኛውን ቢላ እንደያዙ፣ «አልጮኸም እኮ፣ ወይንሸት። ጭ አላለም» አሏት። እናቴ ልትቆጣ ከከፈተችው አፏ ሳቅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዘይቱ ከጋራዥ የሚጣል የሞተር ዘይት ሆነ፤ ሽታው በአጎዛው፣ በመጋረጃው፣ በደብተሬም ላይ ገባ።

አራተኛው ቢላ አልተሰነጠቀም፤ ግን ደግሞ አልጠነከረም። ሞረድ ሲያሳርፉበት እንደ እንጨት ተፋቀ። አምስተኛው ከመጠን በላይ ግሎ ውስጡ እንደ ጨው ቅንጣት ሆነና ሲመቱት ተሰበረ። አባባ ቀለሙ ምን ሲመስል እንደሚያወጡት ግራ ገባቸው። ለማረሻ የሚያውቁት ቀለም ለባሌስትራ አልሠራም።

በዚያው ሰሞን አስተማሪያችን ማግኔት ብረት እንደሚስብ አስተምራን ነበር። የተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር ውስጥ ማግኔት አለ ስላለች፣ ቤት ካለው አሮጌ ሬዲዮ ፈልቅቄ አወጣሁት። በሽቦ አንጠልጥዬ ያገኘሁትን ሁሉ ሞከርኩ፦ ሐዲዱን ሳበ፣ ጉጠቱን ሳበ፣ የአባባን ቀበቶ ዘለበት ሳበ። በመጨረሻ አባባ በጉጠት ወደ ያዙት፣ ደም ወደ መሰለው የጋለ ብረት አስጠጋሁት። ማግኔቱ ዝም አለ። ነካሁት፤ አሁንም ዝም።

ገደልኩት ብዬ ደነገጥኩ። ጉጠቱን ብነካው ግን ቀጥ ብሎ ተጣበቀ።

«አባባ! የብረቱ ነፍስ ወጣ! ማግኔቱ አላወቀውም!»

አባባ ብረቱን እሳት ውስጥ መልሰው፣ ትንሽ ሲበርድ ትንሽ ሲግል፣ «አሁንስ? አሁንስ?» እያሉ ደጋግመው አስሞከሩኝ። ቀላ ሲል ይይዛል። ደመቅ ሲል ይለቃል። ሲበርድ እንደገና ይይዛል። አባባ ሰባ ዓመት የተጠጉ ሰው ናቸው፤ ያን ዕለት ግን መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው፣ ዓይናቸውን እንደ ልጅ አፍጥጠው ነበር።

«ስልሳ ዓመት ብረት ስይዝ ይህን አላየሁም» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ሲለቅ ነው። ማግኔቱ ልክ ሲለቅ ዘይት ውስጥ እንክተተው» አሉ።

ከተትነው። ጢሱ ቡፍ አለ፤ እሳት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ጭ የሚለውን እየጠበቅን ሁለታችንም ትንፋሽ ያዝን። ምንም የለም። ሲቀዘቅዝ አባባ ሞረዱን አሳረፉበት። ሞረዱ እንደ ጠርሙስ ላይ ተንሸራተተ። አባባ ግንባሬን ሳሙኝ። ግንባሬ ላይ የቀረው የከሰል ምልክት እንዳይጠፋብኝ ሳልታጠብ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ሥራው በዚህ አላበቃም። እንዲህ የጠነከረ ብረት ቢወድቅ ይሰበራል፤ ጥቂት ማለስለስ ያስፈልገዋል። ቢላውን በአሸዋ ፈትገው ሲያብለጨልጭ፣ ጀርባውን የጋለ ብረት ላይ ያስቀምጡታል። ያኔ ቀለም ይሮጥበታል። መጀመሪያ የጤፍ ገለባ የመሰለ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያም የርግብ አንገት የመሰለ ሐምራዊ። የእኔ ሥራ ቢጫው ከጀርባው ተነሥቶ ስለቱ ጋ ሲደርስ «ደረሰ!» ብሎ መጮህ ነበር። ያን ቃል የጮህኩትን ያህል በሕይወቴ የጮህኩት ቃል የለም።

ከላፍቶ በኩል የሚያርሱት ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉ ለእጀታ የሚሆን የወይራ እንጨት አመጡ። የመጀመሪያውን ቢላ የወሰዱትም እሳቸው ናቸው። ወሬው ተዛመተ። ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ሲመጡ ግን አንድ ነገር አየሁ፤ አባባ የተሠራውን ቢላ ሲዘረጉላቸው አይቀበሏቸውም። አባባ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡታል፤ ከድንጋዩ ላይ ያነሡታል። ቢላ ከእጅ ወደ እጅ ከተሰጠ ያጣላል ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ጎረቤቶቻችን ጠብ የሚፈሩ ጨዋ ሰዎች መሰሉኝ።

እውነቱን የነገረችኝ፣ ሳታውቅ፣ አጥር የምንጋራት እትዬ ዘነበች ናት። ውሃ ስቀዳ፣ «ቀጥቃጭ ቤታቸው አስገብተው! ቡዳ እኮ ነው። ሲመሽ ጅብ ነው የሚሆነው» ብላ ለሌላ ሴት ስትናገር ሰማኋት።

እኔን የያዘኝ ፍርሃት ሳይሆን ጉጉት ነበር። እንዴት ነው ሰው ጅብ የሚሆነው? ከየትኛው እግሩ ይጀምራል? ሲመሽ አባባ የሚተኙበት ክፍል ደጃፍ ላይ አመድ ነሰነስኩ። ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ተነሥቼ አየሁ። አመዱ ላይ አንድ የሰው እግርና አራት የአውሬ መዳፍ አለ። አባባ ሲቀየሩ አንድ እግራቸው ሳይቀየር ቀርቷል ብዬ ደመደምኩ። ዘወር ስል የእትዬ ዘነበች ውሻ በአፍንጫው አመድ ይዞ ጅራቱን ይቆላል።

ያን ቀን ወናፍ እየነፋሁ አላስችል አለኝ። «አባባ፣ ጅብ ይሆናሉ እንዴ?»

መዶሻቸው አየር ላይ ቆመ። የሚቆጡ መሰለኝ። ቀስ ብለው አወረዱትና፣ «ጅብ ብሆን ኖሮ ይህን ባሌስትራ በጥርሴ ነበር የምቆርጠው። በመሮ ምን አለፋኝ?» አሉ። ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። «ማረሻውን ከእኔ ይወስዳሉ፤ እህሉን አብረውኝ አይበሉም። አገር ቤትም እንዲሁ ነበር» አሉና መምታት ቀጠሉ።

ከዚያ የቀበሌው ሰው መጣ። ደብተር ይዟል፤ ሸሚዙ እጀ ጉርድ ነው። «ጩቤ ትሠራላችሁ ተብሏል» አለ። እናቴ ገረጣች። ጩቤ የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ሰው ከቤቱ የሚያስወጣ ቃል ነበር። አባባ የተሠሩትን አንድ በአንድ አሳዩት፦ የሽንኩርት፣ የሥጋ፣ የዳቦ። ሰውየው ስለታቸውን በዓይኑ ለካ፤ ከወጥ ቤትና ከሥጋ ቢላ ሌላ እንዳይሠራ አስጠንቅቆ ለመመዝገብ ተቀመጠ። ጥሩ ነገርም ተናገረ፤ «ቀጥቃጭ፣ ፋቂ እያሉ መሳደብ ከፊውዳሉ ጋር ቀርቷል። አሁን ሁሉም ሠርቶ አደር ነው» አለ። እናቴ ውሃ አቀረበችለት። ብርጭቆውን ተቀብሎ አጠገቡ አስቀመጠው፤ እስኪሄድ አልነካውም።

«ስም?»

«ደምሴ» አሉ አባባ።

ወናፉን ለቀቅሁ። ክፍል ውስጥ ስማችን በየጠዋቱ እስከ አያት ይጠራል፤ የእኔ ሰናይት ኃይሉ ደምሴ ነው።

«የእኔም አያት ደምሴ ነው የሚባለው!» አልኩ በደስታ። «ሞቷል ግን።»

የቀበሌው ሰው ቀና አላለም፤ ይጽፋል። እናቴ መሬት መሬት አየች። አባባ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «ደምሴ የሚባል ብዙ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ብዙ ነው ወይ? እኔ የማውቀው አንድ ነው። ያን ማታ አባቴ ሸሚዙን ጠቅልሎ ሲታጠብ ክንዱን አየሁት። ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ትናንሽ ነጫጭ ጠባሳዎች አሉበት። ድሮ ስጠይቀው ልጅ ሳለ ገንፎ ፈንጥቆበት እንደሆነ ነግሮኝ ነበር፤ እኔም ገንፎ ሲቀርብ ሁልጊዜ ራቅ ብዬ እቀመጥ ነበር። የአባባ ክንድ ከላይ እስከ ታች እንዲሁ ያለ ጠባሳ ነው፤ የእኔም እጅ ላይ ከከሰሉ የዘለለ ፍንጣሪ ሁለት ነጥብ ትቶብኛል። ገንፎ እንዲህ አይፈነጥቅም። አባቴ ፎጣውን ጥሎ የእናቴን ቢላ አነሣ፤ ዳቦ ሊቆርጥ ነው። ከመቁረጡ በፊት ስለቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ በስሱ አሳረፈው።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ዋጥኩ። ቢመልስልኝ የሚያለቅስ መሰለኝ።

የፋሲካ ቅርጫ ደረሰ። አሥራ ሁለት ቤተሰብ ሆነን አንድ በሬ እንካፈላለን፤ አስተባባሪው ጋሽ መንገሻ ነው። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ቤታችን መጣ። ጉልባን ቀረበለት፤ በላ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኃይሉ፣ እንዳትቀየመኝ። ሽማግሌው ሥጋው ጋ እንዳይመጡ። ሰው እያጉረመረመ ነው። አንተና ቤተሰብህ እንደ ወትሮው መደባችሁን ትወስዳላችሁ። እሳቸው መቼም ዘመድህ አይደሉም።»

አባቴ አዎም አይደሉምም አላለም። «እሺ» ብቻ አለ።

ከማድ ቤቱ ጀርባ መዶሻው ቆሟል። ቆርቆሮ ግድግዳ ድምፅ አይከለክልም።

በማግሥቱ አባባ ጎረቤት ያመጣውን ቢላ ሁሉ ሲስሉ ዋሉ። ቅዳሜም እንዲሁ። የጋሽ መንገሻ ቢላ ነበረበት፤ የእትዬ ዘነበች ባል ቢላም ነበረበት። ሲጨርሱ አቁማዳዎቹን ፈትተው አጠፏቸው፤ ጉጠቱንና መዶሻውን ጆንያ ውስጥ ጨመሩ። «ከበዓሉ በኋላ ልሂድ» አሉ ለእናቴ። «ዝናብ ሊገባ ነው። አገሬ ማረሻ ይፈልጋል።» እናቴ ጆንያውን አየች እንጂ መልስ አልሰጠችም።

የፋሲካ ማለዳ ከአባቴ ጋር ሄድኩ፤ ሳህን ይዤ ነው። በሬው በኦቦ ቱሉ ማሳ ጠርዝ፣ በቅጠል ላይ ታርዶ ተገፍፏል። ወንዶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይሠራሉ። ቢላዎቹ ሁሉ ከጓሯችን የወጡ ናቸው፤ እጀታቸውን አውቃለሁ፣ የትኛው ላይ «ደረሰ!» ብዬ ቀድሜ እንደጮህኩ አውቃለሁ። የበሬው ቆዳ ሲገፈፍ፣ ጅማቱና መገጣጠሚያው ሁሉ ሲበለት ማንም ቢላ ልሳል ብሎ አልቆመም። ጋሽ መንገሻ ቢላውን ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ «ይገርማል እኮ። አምና በድንጋይ ስንሞርድ ነበር ግማሽ ቀን የሚሄደው» አለ።

የእትዬ ዘነበች ባል ሳቀ። «ቡዳም ቢሆን ብረት ያውቃል» አለ።

ሌሎቹም ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የበዓል ሳቅ ነው። አባቴን አየሁት። ሊስቅ ነበር መሰለኝ፤ አፉ ተከፈተ፣ ሳቁ ግን አልመጣም። ቢላውን ቅጠሉ ላይ አኖረ። ጃኬቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ፤ ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቀለለ። በዚያ ሰፈር ሰው ፊት እጅጌውን ሲጠቀልል አይቼው አላውቅም።

«ሰናይት» አለኝ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ለመስማት ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። «ሂጂና አያትሽን ጥሪያቸው።»

«አባባን?» አልኩ፤ እያወቅሁ፣ እንደገና እንዲለው ፈልጌ።

«አዎ። አያትሽን። አባቴን።»

የሮጥኩትን ሩጫ አልረሳውም። አባባ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እናቴ አጠገባቸው ዶሮ ትበልታለች።

«አባቴ ይጠራዎታል! አያትሽን ጥሪያቸው አለኝ! ሰው ሁሉ ፊት!»

አባባ ወደ እናቴ ዞረው፣ ጥፋት እንደተገኘበት ሰው ዓይኖቻቸውን አሸሹ። «ወይንሸት፣ እሱ ልጅ ሳለ ሸሽቶኝ ነው የወጣው። እንዳትፈርጂበት። አንቺን እንዳያጣ ብሎ ነው...»

እናቴ እጇን በጨርቅ ጠረገች። «አባባ፣ አፍንጫችሁ አንድ፣ አረማመዳችሁ አንድ። ዕውር መሰልኳችሁ እንዴ? በራችንን ያንኳኩ ዕለት ነው ያወቅሁት። እሱ እስኪነግረኝ ነበር የምጠብቀው። አሁን ይነሡ፤ ሥጋው ይቀዘቅዛል።»

ስንደርስ ሦስት ሰዎች ባዶ ሳህናቸውን ይዘው ሄደዋል። የእትዬ ዘነበች ባል አንዱ ነው። ቢላቸውን ግን ይዘው ነው የሄዱት። ጋሽ መንገሻ ፊቱ ቀልቶ፣ ማንንም ላለማየት አጎንብሶ፣ አሥራ ሁለት የነበረውን መደብ እያፈረሰ እንደገና ዘጠኝ ቦታ ይከምራል። ኦቦ ቱሉ ቀረብ አሉ። ለጥሬ ከሚመረጠው ከታናሹ ሥጋ ቁራጭ ቆርጠው፣ ድንጋይ ላይ ሳያኖሩ፣ በእጃቸው ወደ አባባ ዘረጉ።

«እንኳን አደረስዎ።»

አባባ እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን መሐል ላይ ቆመ። ወደ አባቴ አዩ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ተቀበሉ። ያን ቁራጭ እስኪውጡ የወሰደባቸውን ጊዜ አስታውሳለሁ፤ ጥሬ ሥጋ ቢሆንም እንዲያ የሚያስቸግር አልነበረም።

ያን ዓመት የደረሰን ሥጋ ከወትሮው በዛ። እኔ በልጅነት ልቤ ተደስቼ፣ «በሚቀጥለውም ሦስቱ ባይመጡ ጥሩ ነው» አልኩ፤ እናቴ ቆነጠጠችኝ። አባባና አባቴ ያን ዕለት ብዙ አላወሩም። አንዴ ብቻ አባቴ፣ «የሞተ ሰው አደረግሁዎት፣ አባዬ» ሲል ሰማሁ። አባባ፣ «ሳልሞት ደረስኩ አይደል?» አሉ። በሳምንቱ ጆንያው ተፈታ። ጋሽ መንገሻ መጥቶ ሳያወራ የተበላሸ መጥረቢያ አኖረ፤ ድንጋዩ ላይ ነው ያኖረው፣ ልማድ አይለቅም። እትዬ ዘነበች ግን አጥሩን ከፍ አደረገች፤ ውሻዋን እንኳን ከእኛ ግቢ ከለከለች።

ሰኔ ገባ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብቶ ምድጃውን አጠፋው። አባቴ እሑድ ጠዋት መሰላል አስደግፎ ጣራው ላይ ወጣ፤ አባባ ከታች ምስማር ያቀብሉታል፤ እኔ መሰላሉን ይዣለሁ። እትዬ ዘነበች ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በመንገዱ ታልፋለች። ከፋሲካ ወዲህ ሰላም ብላን አታውቅም። የመዶሻው ድምፅ ከላይ በመምጣቱ ግን ሳታስበው ቀና አለች።

«ኃይሉ፣ እዚያ ላይ ምን ትሠራለህ?» አለች፤ ከአፏ አምልጧት ነው።

አባቴ ጣራው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። በጓሮ መቼም ጮኾ አያውቅም ነበር።

«የአባቴ መሥሪያ እያፈሰሰበት ነው!» አለ፤ ቃሉ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ። «ለአባቴ ጣራ እየመታሁለት ነው!»

እትዬ ዘነበች ነጠላዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች። አባቴ ገና መዶሻውን ወደ ላይ እንደያዘ ነበር፤ እግሩ እርጥቡ ቆርቆሮ ላይ ትንሽ ተንሸራተተ። አባባ ከታች ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ የሚቀበሉት ይመስል፣

«ቀስ በል አንተ ልጅ! ትወድቃለህ!» አሉት።